ከአፋችን የጠፋው እንጥል

ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዬን አሞኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ የልጅ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። ጠፍጣፋ እንጨት ምላሴ ላይ ጫን አድርጎ በባትሪ ወደ ውስጥ አየና፣ «እማማ፣ እንጥልዎን ማን ወሰደብዎ?» አለኝ እየሳቀ። እንጨቱ አዲስ የተላገ ጣውላ ይሸት ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም። ያ ሳቅ ግን ዘልቆ አንድ የቆየ ቦታ ነካብኝ፤ ከዚያ በኋላ የነገረኝን አንዱንም አልሰማሁትም። መድኃኒቴን ይዤ ሳላመሰግነው ወጣሁ። በእርጅና እንዳይመስልህ፣ በንዴት ነው።

እንዲህ ያለውን ሳቅ መጀመሪያ የሰማሁት በንጉሡ ዘመን፣ ንፋስ መውጫ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የሳይንስ መምህራችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ሳይጨርስ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ነበር። ብርዱን አልቻለውም። ካፖርቱን ሳያወልቅ ነበር የሚያስተምረን፤ ነፋሱ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ሲያፏጭ ንግግሩን አቋርጦ ጣሪያውን በቁጣ ያየዋል፣ ነፋሱን የላክነው እኛ ይመስል። እኛ ግን እንወደው ነበር። ከሩቅ ስለመጣና ብዙ ስለሚያውቅ አፋችንን ከፍተን ነበር የምናዳምጠው።

አንድ ቀን ስለ ሰው አካል ማስተማር ጀመረ። ለሁለት የተሰነጠቀ የሰው ጭንቅላት በትልቅ ወረቀት ላይ ስሎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። አፍንጫው፣ ምላሱ፣ ጉሮሮው፣ ሁሉም በጎን ይታያል። እኛ በግ ሲታረድ እያየን ያደግን ልጆች ነን፤ ሳንባውን ከጉበቱ፣ ጨጓራውን ከሽንፍላው ለይተን እናውቃለን። ሰው ግን እንዲህ ተከፍቶ አይተን ስለማናውቅ ደነገጥን። አንዷ ልጅ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። መምህሩ ከላንቃው ጫፍ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ሥጋ በማስመሪያው ነካ አድርጎ፣ «ይህች እንጥል ትባላለች፤ ስንውጥ ምግቡ ወደ አፍንጫችን እንዳይሄድ ታግዛለች» አለ።

ክፍሉ ጉም ጉም አለ። እኛ እንጥልን የምናውቀው እንደ በሽታ ስም ነበር። በአገራችን ሕፃን ሲያስለው፣ ወተት ሲያስመልሰው፣ ጡት እምቢ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ይባላል። ካልተቆረጠ አብጦ፣ ፈንድቶ ልጁን ይገድለዋል። ስለዚህ ሳይወርድ በፊት፣ ገና በአራስነት ይቆረጣል። እናት የልጇን እንጥል ካላስቆረጠች ልጇን የጣለች ያህል ነበር። ይህች ነገር የሰው ሁሉ ናት፣ የተፈጠረችውም ለሥራ ነው ሲለን ኩፍኝ የሰው ሁሉ ነው ያለን ያህል ገረመን።

መምህሩ ከኪሱ የመላጫ መስተዋቱን አወጣ። በየተራ ወደ መስኮቱ እየቀረብን፣ አፋችንን ለብርሃኑ ከፍተን፣ እንጥላችንን ፈልገን እንድናሳየው አዘዘን። የመጀመሪያው ልጅ ፈለገ፣ አጣ። ሁለተኛዋም አጣች። እኔም ተራዬ ደርሶ በመስተዋቱ ውስጥ የራሴን ጉሮሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ ባዶ። መምህሩ በመጀመሪያ የማናይ መስሎት ነበር። ቀጥሎ ራሱ ጎንበስ እያለ የየአንዳንዳችንን አፍ አየ። ከዚያ ሳቅ ጀመረ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። «ክፍሉ በሙሉ! ምን ዓይነት አገር ነው የላኩኝ?» አለ። እኛ አፋችንን ዘጋን።

አንድ ልጅ ብቻ እንጥል ተገኘበት። አባቱ የፖሊስ አዛዥ ሆነው ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውረው የመጡ ልጅ ነው። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበው አፉን አስከፈቱት፣ አዩት፣ አዘኑለት። አንደኛው ትከሻውን ይዞ፣ «እናትህ አትወድህም እንዴ?» አለው። ሌላው ሳትፈነዳበት ቶሎ እንዲያስቆርጣት መከረው። ልጁ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ። መምህሩ ይህንንም ከበር ላይ ቆሞ አይቶ ሳቀ።

ደወሉ ሊደወል ሲል ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጁን አውጥቶ የጠየቀውን አልረሳውም። «መምህር፣ ታዲያ ሲወርድ ምን ይደረጋል?» ነበር ያለው። ታናሹ በዚያ ክረምት ነው የሞተበት። መምህሩ፣ «አይወርድም፤ ወዴት ይወርዳል?» ብሎ ወረቀቱን መጠቅለል ጀመረ። እንግዲያው ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን የሚገድላቸው ምን እንደሆነ፣ ሲያስላቸው ምን ማድረግ እንደሚሻል አልነገረንም። ያልሆነውን ነግሮን የሆነውን ሳይነግረን ሄደ። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ አንዱ ይህ ነው።

በዚያው ሰሞን እናቴ አራስ ነበረች። ታናሽ እህቴ ከተወለደች ገና አንድ ወር አልሆናትም። አባቴ የድጓ መምህር ናቸው፤ የቆሎ ተማሪዎቻቸው ጎጆ ከቤታችን በስተጀርባ ስለነበር የልጆቹ ዜማ ከማለዳ እስከ ማታ በግድግዳው ያልፋል። የአራስ ቤቱ አብሽና ቅቤ ይሸታል። ሕፃኗ ዜማ ሲቆም ታለቅሳለች፣ ሲጀመር ዝም ትላለች። እናቴ በዚህ ትኮራ ነበር፤ «አባቷን አወቀች» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እንጥል ቆራጩ በቅርብ እንደሚመጣ ሰማሁ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ «እማዬ፣ አታስቆርጫት፤ ለሥራ የተፈጠረ ነው ብሎናል መምህሩ» አልኳት። እናቴ አልተቆጣችም። ከእኔ በኋላ የወለደችው ወንድ ልጅ ጉሮሮው አብጦ ሞቶባት ነበር፤ ክረምት ስለነበር ቆራጩ ወንዝ ሞልቶበት ሳይደርስለት ቀረ። እሷ እንዲህ ነው የምታምነው፤ ቢደርስለት ይተርፍ ነበር። ሕፃኗን ወደ ጡቷ አስጠግታ፣ «መምህርሽ ልጅ ቀብሯል?» አለችኝ። 

ወደ አባቴ ሄድኩ። እሳቸው ግን ጠየቁኝ፤ ሥዕሉ እንዴት እንደሆነ፣ እንጥል ከየት እንደሚንጠለጠል። አፋቸውን ከፍተው በጣታቸው ላንቃቸውን ዳበሱ። እሳቸውም የላቸውም። «ዕድሜ ልኬን በጉሮሮ ሳስተምር የጉሮሮን ነገር ሳላውቅ ኖርኩ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ እናቴን ጠርተው፣ «ፈጣሪ ካላጠፋ እኛ ለምን እናጠፋለን? ለጊዜው ማንም እንዳይነካት። ቤተ ልሔም ደርሼ ስመለስ እንነጋገርበታለን» አሉ። ድጓቸውን የጨረሱ ተማሪዎችን ለማስመስከር የድጓ ምስክር ወዳለበት ወደ ቤተ ልሔም ደብር ሊሄዱ ተነስተው ነበር። እናቴ እሺ አለች። እኔም ደስ ብሎኝ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ ሸኘኋቸው።

እሳቸው በሄዱ በጥቂት ቀን ሕፃኗን ያስላት ጀመር። ትንሽ፣ ደረቅ ሳል ነበር። በማግሥቱ ጡት እየያዘች ትለቃለች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መድኃኒት ሊያመጣ ደብረ ታቦር ወርዷል ተባለ። ጎረቤቶች እየገቡ ያዩአታል፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። «የኔታ አዋቂ ሰው ሆነው ሳሉ ይህን እንዴት አሉ?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ እናቴን ሳታይ፣ «ያኛውም እንዲህ ነበር የጀመረው» አለች። እናቴ ከዚያ ወዲያ ሕፃኗን ከእቅፏ አላወረደችም።

ሮጬ መምህሩ የተከራየበት ቤት ሄድኩ። እሱ መጥቶ እናቴን ቢያስረዳት ትሰማዋለች ብዬ ነው፤ ስለ ሳሉም አንድ ነገር ያውቅ ይሆናል ብዬ ነው። አላስቸገረኝም፣ ሥዕሉን ጠቅልሎ ተከተለኝ። መንገድ ላይ ጥሩ ሰው መስሎኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ አራስ ሆና ሳለ ብድግ አለች። «ይግቡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ» አለችው፣ መደቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ። አልተቀመጠም። ጎረቤቶቻችን ዳር ይዘው ተቀምጠው ነበር። እሱ በሩ ላይ ብርሃኑን ጋርዶ ቆሞ ሥዕሉን ዘረጋ። የሰውየው የተሰነጠቀ ጭንቅላት በአራስ ቤት ውስጥ ሲዘረጋ ሴቶቹ አማተቡ። «ይኸውልሽ፣ ስሚ» ብሎ ጀመረ። የየኔታን ሚስት፣ ታላቅ እህቱ የምትሆን ሴት፣ ጎረቤት ፊት «አንቺ» አላት። ላንቃ አለ፣ የምግብ ቧንቧ አለ፣ የአየር ቧንቧ አለ። እናቴ፣ «ሳሉስ?» አለችው። «ሳል ነው፤ ይድናል። እናንተ ናችሁ ልጆቻችሁን የምትጨርሱት። ድንቁርና ነው የሚገድላቸው» አለ። ልጇን የቀበረች ሴት ይህን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚሆን አይቶ አያውቅም። እኔ አየሁት። ከዚያ አመስግኖ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ፣ የተቀዳለትን ጠላ ሳይቀምስ ወጣ።

እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀመጠች።  ከሴቶቹ አንዷ ተነስታ እንጥል ቆራጩን የሚጠራ ሰው ልትልክ ወጣች።

እንጥል ቆራጩ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ መጣ። አገሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ እኔ እስከ ዛሬ አንቱ አልለውም። ነገር ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ደግ ሰው ነበር። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ተቀመጠ። «እንዴት ሰነበትሽ የኔ እመቤት፣ ጉልበትሽ ጠናልሽ?» ብሎ ጠየቃት። ስለ አባቴ ጠየቀ። ስለሞተው ልጅ ጠየቀ፣ ስሙን ጭምር ያስታውስ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶበት ሳይደርስለት በመቅረቱ እስካሁን እንደሚቆጨው ነገራት። እናቴ አለቀሰች። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ስለ ልጇ አብሯት አዘነ። የተቀዳለትን ጠላ ጠጣ፣ መረቀ። እጁን በእሳቱ ላይ አሞቀ፣ ሕፃኗን እንዳይበርዳት። ከዚያ እንጥል የሚቆርጥባትን፣ የፈረስ ጭራ የታሰረባትን ቀጭን ሸምበቆ ከጉያው አወጣና በጉልበቱ ላይ በጋቢው ጠረጋት።

እኔ ሕፃኗ ፊት ቆምኩ። «አባባ ተናግረዋል፤ እስኪመለሱ አትንኳት» አልኩ። ያ ሰው በርኅራኄ አየኝ። «ልክ ነሽ ልጄ፣ አባትሽ መልካም ብለዋል። ሳሉ ግን አባትሽን አይጠብቅም» አለኝ። ጎረቤቷ ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ከበሩ ውጭ ቆሜ የሰማሁት አንድ አጭር ጩኸት ነው፤ ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ። ሲያልቅ እልል ይባል ነበር።

ደሙ አልቆም አለ። በመጀመሪያ ማንም አላወቀም፤ ሕፃን ነችና ትውጠው ነበር። ሲያስላት በአፏ መጣ። ቅቤ አጎረሷት፣ ጥጥ አደረጉላት። ቆራጩ ራሱ አልሄደም፣ አጠገቧ ሆኖ ይጸልይ ነበር። ከብቶች ወደ በረት ሲገቡ ነፍሷ ወጣች። ክርስትና ሊያስነሷት ቄስ ለመጥራት የሄደው ሰው ገና አልተመለሰም ነበር።

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው። የእህቴ ስላልደረሰ ስም የላትም፣ ፍትሐትም የላትም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከቁልቋል ሥር ቀበሯት። አባቴ የደረሱት ከተቀበረች በኋላ ነው፤ መርዶውን መንገድ ላይ ሰምተዋል። ከነመንገድ አቧራቸው ቁልቋሉ ጋ ሄደው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። የስንቱን ገበሬ፣ የስንቱን ባላባት ሬሳ በዜማ የሸኙ ሰው ለገዛ ልጃቸው አንዲት ቃል ማውጣት አልተፈቀደላቸውም። አፋቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ተማሪዎቻቸው ሳምንቱን ሙሉ አላዜሙም፤ ያ ሁሉ ጎጆ ዝም ሲል ያኔ ነው ቤታችን የተዘጋ የመሰለኝ።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ምን እንዳለ ታውቃለህ? «ዘግይቶ ተቆርጦባት ነው» አለ። አንድም ሰው ሳያቅማማ። አባቷ ባያዘገዩት፣ ተማሪ ቤት ይህን ወሬ ባያመጣ ትተርፍ ነበር። ደሟ በአፏ ሲመጣ ያዩት ራሳቸው እንዲህ አሉ። አባቴ ጥግ ይዘው ራሳቸውን አቀርቅረው ሰሙ። እናቴም ሰማች፣ አመነችም። በኋላ የተወለደው ወንድሜ በሳምንቱ ተቆረጠ። አደገ፣ እርሻ ገባ፣ ልጆች ወለደ። ሰዉ እሱን እያሳየ፣ «ይኸው፣ በጊዜው ሲሆን» ይላል።

መምህሩም ወሬውን ሰማ። ወደ ክፍል በተመለስኩበት ቀን ያንን የተሰነጠቀ ጭንቅላት እንደገና ለጠፈው። ስሜን ጠርቶ እንድቆም አዘዘኝ፤ በቤታችን የሆነውን ለክፍሉ እንድናገር፣ ሌሎቹ እንዲማሩበት። ቆምኩ። ሁሉም ዞረው ያዩኛል። እሱ ማስመሪያውን ይዞ ይጠብቃል፣ ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር፤ ያ ነው ደግሞ የባሰብኝ። «እናቴ ይቀመጡ ስትልዎት ለምን አልተቀመጡም?» አልኩት። ጥያቄው አልገባውም። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። በዓመቱ መጨረሻ ሻንጣውን አስጭኖ ወደ አገሩ ሄደ፤ ምናልባት በኋላ ትልቅ ሰው ሆኖ ይሆናል።

አሁን ሽማግሌዎች ስንቀመጥ ያ ትውልድ ብርሃን ሊያበራልን መጣ ሲሉ እሰማለሁ። አዎ፣ ብርሃኑን ይዞት ነበር። እውነቱን የያዘው ሰው በር ላይ ቆሞ ሰደበን፤ ውሸቱን የያዘው ሰው ጫማውን አውልቆ ገብቶ አብሮን አለቀሰ። እናቴ ከሁለቱ አንዱን መረጠች። ማንም የእሷ ቦታ ቢሆን ያንኑ ነበር የሚመርጠው፤ እኔ ግን በሁለቱም ላይ የነደደው እሳት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ትምህርቴን በአባቴ ግፊት ቀጠልኩና አስተማሪ ሆኜ እስቴ ተመደብኩ። እዚያው አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ቅቤና የገብስ ዱቄት አስጭና በበቅሎ መጣች። ያን ጊዜ አርጅታ ነበር። ልጁን ታቅፋ ሳመችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ እንጥሉን ልትዳብስ እንደ ልማዷ አመልካች ጣቷን ወደ አፉ ወሰደች።

«እማዬ፣ አትንኪው» አልኳት። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጠነከረ። ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። እሷ ግን ጣቷን መለሰች።

«እሺ። አሳዪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ያንን ነገር። አይቼው አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ልጆቿን ለቆራጭ የሰጠች ሴት ሙሉውን አንድ ቀን አይታው አታውቅም፤ ሲቆረጥ ፊቷን ታዞር ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጁን ወደ በሩ ብርሃን አዞርነው፤ ርቦት ነበርና አፉን ከፍቶ አለቀሰ። በልቅሶው መካከል ከላንቃው ጫፍ ስትንቀጠቀጥ ታየች። እናቴ ጎንበስ ብላ ብዙ አየቻት።

«ይህች ናት?» አለችኝ።

«ይህች ናት።»

«ትንሽ ናት እኮ።»

«አዎ፣ ትንሽ ናት» አልኩ።

ልጁን አባብላ ዝም አሰኘችው። ከዚያ ሳታየኝ፣ «ያችን ልጅ ሳሉ ነው አይደል የገደላት?» አለችኝ። የጠየቀችኝ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው፣ የማውቅ ስለሆንኩ ነው። እውነቱም አፌ ላይ ነበር፤ በዚያች በር ላይ ክንዴን ተይዤ ከቆምኩበት ቀን ጀምሮ አፌ ላይ ነበር።

«አዎ እማዬ፣ ሳሉ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ልጁን መልሳ ሰጠችኝና እንዳጠባው ትራሴን አስተካከለችልኝ። እኔ ጋ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ ሲያለቅስ ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች፤ አፉን ሲከፍት ታያለች፣ ጣቷን ግን አንድ ቀንም አላስጠጋችም።